በእምሩ ሰዓት ላይ የሚቀረጽ ቃል

አራዳ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጅ ልጄ ለዊንታ፣ ፑኔ፣ ህንድ አገር

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። እኔ ከጉልበቴ፣ ከዓይኔ፣ ከጥርሴና ከግራ ጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ፤ ምላሴን እንደሆነ ታውቂዋለሽ፣ እሱ ገና ጎረምሳ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከነፈረሱ ይጠብቅሽ፤ እዚያ አገር መንገድ መሻገር ከኛም ይብሳል ሲሉ ሰምቻለሁ።

እናትሽ ባለፈው እሑድ መጥታ ጉድሽን ነገረችኝ። «ዊንታ የቤተ መጻሕፍት ትምህርቷ ሳያንስ፣ ሳንስክሪት የሚባል የጥንት ቋንቋ ጀምራለች» አለች። «ማን ነው የሚናገረው?» አልኳት። «ብዙም የሚናገረው የለም፤ እንደኛ ግዕዝ ነው» አለችኝ። ደስ አለኝ። እዚህ የሚናገሩት ሁሉ አስቸግረውኛልና ዝም ያለ ቋንቋ መምረጥሽ ብልህነት ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ወርቅ ቤቱን ከተውኩ ስድስት ዓመት ቢያልፈኝም ቀለበትና ሰዓት ላይ መቅረጽን እጄ አልረሳውም፤ ትንሽ ይንቀጠቀጣል እንጂ። አንድ ደንበኛ የብር የኪስ ሰዓት ትቶልኛል። ከክዳኑ ውስጥ «ጓደኛ» የሚል ቃል እንዲቀረጽበት ይፈልጋል፤ ነገር ግን በአማርኛ አይሁን ይላል። በአማርኛማ ታክሲ ረዳቱም፣ ብድር ፈላጊውም፣ ምርጫ ተወዳዳሪውም ጓደኛዬ እያለ ቃሉን አርክሶታል። እንግዲህ ያ ቋንቋሽ ለጓደኛ ምን ይላል? አንድ ቃል ይበቃኛል። ጠንከር ያለ ይሁን።

ይህን ወረቀት ኑሰይባ ፎቶ ኮፒ ቤት እወስደዋለሁ። እሷ ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ትልክልሻለች። ስታነሣም ታነበዋለች። ኑሰይባ፣ እንደምን ዋልሽ? ካነበብሽ አይቀር ሻይ ጋብዢኝ።

አያትሽ ሉልሰገድ

*

ፑኔ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አያቴ፣

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ማርያም ትማርልኝ። ምላስዎን ግን ማርያምም የምትችለው አይመስለኝም።

ጥያቄዎን መምህሬ ወይዘሮ ካማላ ዘንድ ይዤ ሄድኩ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ ሲያስተምሩ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «ለጓደኛ አንድ ቃል ብቻ? አያትሽ ስስታም ናቸው እንዴ?» አሉኝ። የመጀመሪያው ሚትራ ነው። ሚትራ የጥንት አምላካቸውም ስም ነው፤ ሰዎች የተሰጣጡትን ቃል መጠበቃቸውን የሚያይ። ስለዚህ ሚትራ ማለት ቃል የተጋቡት ሰው ነው ብለውኛል። ሁለተኛው ሱህሪድ ነው፤ ልቡ መልካም እንደ ማለት። ጠላትን ደግሞ አሚትራ ይሉታል፤ ሚትራ ያልሆነ ማለት ነው። «ወዳጅም ጠላትም ያልሆነውስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እሱ ኡዳሲና ነው፤ ዳር የተቀመጠ» አሉኝ።

ጋሼ እምሩ እንዴት ናቸው? በአንድ መስኮት ሥር አርባ ዓመት አብረው ሲሠሩ፣ እርስዎ ሲቀርጹ እሳቸው ሰዓት ሲጠግኑ፣ እኔ ከሁለታችሁ መሐል ተቀምጬ ነው ያደግሁት። ሰዓት ማንበብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከዶሮ ማነቂያ ተነሥተው ገላን ኮንዶሚኒየም ከገቡ ወዲህ ትገናኛላችሁ? ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ልጅዎ ዊንታ

*

አራዳ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው ሊቅ ለዊንታ፣

በያለሽበት ሰላም ይብዛልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ፒያሳም ደህና ናት፣ ግን አላወቀችኝም። መንገዱ ሰፍቶ፣ መብራቱ ደምቆ፣ ባለፈው ሳምንት ተወልጄ ያደግሁበት ቦታ ላይ ቆሜ አንዷን ልጅ «ዶሮ ማነቂያ በየት በኩል ነው?» አልኳት። «አባባ፣ የቆሙበት ነው» አለችኝ። አመስግኜ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ልክ የማን ሳሎን ላይ እንደተቀመጥኩ ለማስላት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ።

ሚትራን ለደንበኛው አቀረብኩለት፤ አልወደደውም። «ቃል የሚጠበቅ ከሆነ ከባድ ነው» አለ። ሱህሪድንም አልወደደውም። «ልቡ መልካም ሆኖ ምላሱ ክፉ የሆነ ሰውስ ምን ይባላል?» ብሎ ጠየቀኝ። ያ ዳር የተቀመጠው ቃል ግን ባትልኪው ይሻል ነበር። ሳላስበው ደጋግሜ አነበብኩት።

ሌላ ቃል ላኪ። ቀለል ያለ። ሰዓት እንደሆነ አይቸኩልም።

አያትሽ ሉልሰገድ

ኑሰይባ፣ ሻዩ ስኳር አነሰው።

*

ፑኔ፣ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባባ፣

ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ይድረስዎ። ደንበኛዎ አስቸጋሪ ሰው ናቸው። እንግዲህ ሌሎቹን ልዘርዝር። ቫያስያ በዕድሜ እኩያ የሆነ፣ አብሮ ያደገ ነው። ሳኻ በጨዋታ፣ በጉዞ፣ በሥራ የማይለይ ነው። ባንዱ የሚባለው ቃል ከማሰር የመጣ ነው፤ ዘመድንም ወዳጅንም ይሉበታል። ስኔሃ ደግሞ ራሱ ፍቅሩ ነው፣ መዋደዱ፤ ግን ዘይትም ማለት ነው። ወይዘሮ ካማላ እጃቸውን አሻሽተው አሳዩኝ፤ በሁለት ነገሮች መካከል ገብቶ እንዳይፋጩ የሚያደርግ ነው አሉኝ።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ለጓደኛ ስድስት ቃል አውቄ እዚህ አንድም ጓደኛ የለኝም። ክፍል የምጋራት ልጅ ጠዋት ሰላም ስትለኝ እንኳ አፌ ይተሳሰራል።

ባለፈው ስለ ጋሼ እምሩ ጠይቄዎት ነበር፤ ረሱት መሰለኝ። ባለቤታቸው እትዬ አይናዲስ ሲሞቱ እኔ ፈተና ላይ ስለነበርኩ ለቅሶ እንኳ አልደረስኩም፤ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። እርስዎ አጠገባቸው ስለነበሩ ግን እጽናናለሁ።

ዊንታ

*

አራዳ፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዊንታ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰሽ። መልሴ ዘገየ፤ ጉልበቴ ነው። ወይም ብርዱ። አንዱን ምረጪ።

ዘይት ያልሽው ደስ ብሎኛል። ሰዓት የሚጠግን ሰው ዘይት ሲያደርግ አይቼ አውቃለሁ። በቀጭን ሽቦ ጫፍ አንዲት ጠብታ ብቻ ነው። ሲበዛ አቧራ ይሰበስባል፤ ሲጠፋ ጥርሶቹ ይበላላሉ። ከአጠገቡ ተቀምጬ ስንት ጊዜ በክርኔ እየነካሁ ጠብታውን አስደፍቼበታለሁ መሰለሽ። አንድ ቀን ዘይቱን ሱሪዬ ላይ ደፍቶ «አሁን አንተም ትሠራለህ» አለኝ።

ደንበኛው አሁን ሐሳቡን ለወጠ። የሚፈልገው ቃል ልዩ ነው። የበደልሽውን ጓደኛ፣ ከበደልሽው በኋላ፣ ምን ብለሽ ነው የምትጠሪው? እኛ ዘንድ እንደዚያ ያለውን ሰው አንጠራውም፤ መንገድ ቀይረን ነው የምናልፈው። የእነሱ አገር ሰፊ ነው፤ ቃል አይጠፋም ብዬ ነው።

አያትሽ

*

ፑኔ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣ እንደምን አሉልኝ?

ልቆጣዎት አልችልም፤ ግን ይህን ልበል። ደንበኛው እርስዎ ነዎት። ኑሰይባ ያለፈውን ደብዳቤ ፎቶ ስታነሣ ወረቀቱ እንዳይጠቀለል ጥጉ ላይ ሰዓቱን አስቀምጣበታለች። ክዳኑ ላይ ያለችውን ጭረት አወቅኋት። ስምንት ዓመት ሲሆነኝ በሚስማር የጫርኳት እኔ ነኝ። የጋሼ እምሩ ሰዓት ነው።

ሁለት ጊዜ ስለ እሳቸው ጠየቅሁ፤ ሁለቱንም ዘለሉት። በመካከላችሁ ምን ገባ?

ጥያቄዎን ለወይዘሮ ካማላ አቀረብኩላቸው። እሳቸውም «የተበደለ ጓደኛ የሚል ቃል አላውቅም። ግን ይህን ላኪላቸው» ብለው አንድ ቃል ጻፉልኝ። ሳፕታፓዲና። ጓደኝነት ማለት ነው፤ ሲፈታ «የሰባት እርምጃ» ነው። ሁለት ሰዎች ሰባት እርምጃ አብረው ከሄዱ ጓደኛ ሆነዋል ብለው ያምኑ ነበር። እኔም እርስዎና ጋሼ እምሩ በየቀኑ ሰባ ደረጃን አብራችሁ ስትወጡ ታዩኝ። በእነሱ ሒሳብ በየጠዋቱ አሥር ጊዜ ጓደኛ ትሆኑ ነበር።

ይንገሩኝ።

ዊንታ

*

አራዳ፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዊንታ፣

ይህን ኑሰይባ አታየውም። በእግሬ ዋናው ፖስታ ቤት ሄጄ፣ ቴምብር ልሼ ነው የምልከው። ዘግይቶ ቢደርስሽ አልከፋም።

የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ፣ እኔና እምሩ ጥርሳችን ሙሉ ሳለ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ከአትክልት ተራ አንድ ተሸካሚ ጠርቼ «እምሩ ቤት ሂድና ሉልሰገድ አረፈ በለው» አልኩት። እምሩ ነጠላውን ዘቅዝቆ፣ በአንድ እግሩ ቆዳ ጫማ በሌላው ሸበጥ አድርጎ፣ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» እያለ ሰባ ደረጃን ወጥቶ መጣ። እኔ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ሳምቡሳ እበላለሁ። «ግባ፣ አስከሬኑ ቁርስ ላይ ነው» አልኩት። ፒያሳ አንድ ወር ሙሉ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ከሳቀ በኋላ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትንሽ ቆየ። ያን ጊዜ ደረጃው አድክሞት መስሎኝ ነበር። «እከፍልሃለሁ ሉሌ። አንድ ቀን እኔም መርዶ እልክብሃለሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ እጠብቀው ነበር።

በግንቦት 2015 አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። እምሩ ነው። «አይናዲስ አለፈች፤ ና» አለ። ድምፁ ደረቅ ነበር፤ ለቅሶ የለበትም። አይናዲስን ደግሞ በዚያው ጠዋት ዘንቢል ይዛ ስታልፍ አይቻታለሁ። «ሉሌ፣ ዛሬም አልሞትክም?» ብላኝ ነው ያለፈችው። እንግዲህ ሠላሳ ዓመት የጠበቅኩት ቀልድ መጣ ብዬ ሳቅሁ። «ንፍሮው ሲቀቀል ጥራኝ» አልኩትና ዘጋሁበት። ከዘጋሁም በኋላ ብቻዬን ስስቅ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ የዕድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ነጋሪው ስሟን ሲጠራ ሰማሁ። ለበስኩ። ነጠላዬን አነሣሁ። ጫማዬን አሰርኩ። ከዚያ ከአልጋው ጠርዝ ሳልነሣ የቀብሩ ሰዓት አለፈ። ሰልስት እሄዳለሁ አልኩ። አርባዋን አልኩ። ሙት ዓመቷን አልኩ። አንድ ቀን የዘገየ ሰው ይቅርታ ይጠይቃል፤ አርባ ቀን የዘገየ ሰው ምን ብሎ ይገባል? ከዚያ ሰፈሩ ተነሣ። እሱ ዕቃውን መኪና ላይ ሲጭን ከድልድዩ ማዶ ቆሜ አየሁት። እሱም ያየኝ ይመስለኛል። ፍራሹን ይዞ ትንሽ ቆመ።

ሰዓቱን የሰጠኝ ከዚያ መርዶ ሁለት ሳምንት በፊት ነው። «ውስጡ የፈለግኸውን ጻፍበት፤ ስድብም ቢሆን» ብሎኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን አይገባኝም። ዕድራችን ቀብር የቀረን ሰው ይቀጣል፤ ስሙም በስብሰባ ይነበባል። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። የሰፈሩም ሰው በክፉ ዓይን አላየኝም። ለማን እንደምናገረው እስከማጣ ድረስ ሁሉም ደህና ሰው አድርገው ያዩኛል።

እንግዲህ አወቅሽ። አያትሽ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ነው።

ሉልሰገድ

*

ፑኔ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣

ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ፤ ከሠላሳ ስምንት ቀን በኋላ። ሰላምታዬን አሳጥሬ ወደ ነገሩ ልግባ፣ አይቀየሙኝ።

የጋሼ እምሩን ልጅ ጸሎትን ቴሌግራም ላይ ፈልጌ አገኘኋት። ስለ እርስዎ ምንም አልነገርኳትም። አባቷ ከጥምቀት ወዲህ ከአልጋ አልተነሡም፤ ልባቸው ነው። ሰው ይለያሉ፣ ይናገራሉ።

ይሂዱ። ቃል አያስፈልግም። ሰዓቱ ባይቀረጽም ግድ የለም፤ ባዶውን ይዘውት ይሂዱ። ካልሆነም ሰዓቱን ትተው ይሂዱ።

ዊንታ

*

አራዳ፣ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዊንታ፣

ምክርሽና አሳብሽ ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። መቆጣት ስትችዪ አለመቆጣትሽን ቆጥሬልሻለሁ።

ሳልሄድ የቀረሁት ተኝቼ አይደለም። ቃሉን ትቼዋለሁ። የሰባት እርምጃው ገባኝና ከክዳኑ ውስጥ ሰባት ነጥብ ልቀርጽ ጀመርኩ፤ እንደ ዱካ፣ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ። ድሮ ቢሆን ማኪያቶ እስኪጠጣ የሚያልቅ ሥራ ነበር። አሁን እጄ የሚረጋው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው፤ በቀን አንዲት ነጥብ ካወጣሁ ተመስገን ነው። እስከ ዛሬ አምስት ደርሻለሁ። ስድስተኛዋን እዚህ እጨርሳለሁ። ሰባተኛዋን እሱ አጠገብ ተቀምጬ ነው የምቀርጻት። «እጅህ ተንቀጠቀጠ» ብሎ እንዲስቅብኝ። ከዚያ የምለውን እላለሁ።

ከፋሲካ በኋላ እሄዳለሁ። በጾም ባዶ እጄን ከምሄድ፣ ዳቦና ጠጅ ይዤ እንደ ሰው ልግባ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሦስት ሳምንት ምን አላት?

ኑሰይባ እዚህ ድረስ ስታነብ ቅንድቧን አነሣችብኝ። ዛሬ ሻይም አልጋበዘችኝ።

አያትሽ

*

ፑኔ፣ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣ አምስት ይበቃል። ዛሬ ይሂዱ።

ዊንታ

*

አራዳ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዊንታ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። በጤናዬ ነኝ፤ እንደ ልማዴ ቆጥሬ የማሾፍበት ነገር ግን ዛሬ የለኝም።

ሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ጸሎት ነበረች። «ጋሼ ሉልሰገድ፣ አባዬ አረፈ። ቀበርነው። አሁን ገና መመለሳችን ነው» አለችኝ። «እንዴት ሳትነግሩኝ?» አልኳት። ከኋላዋ የሰው ድምፅ ይሰማል። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ አይደለሁም። አባዬ ራሱ ነው። ለሉልሰገድ ቀድማችሁ እንዳትነግሩት፤ ንፍሮው ሲቀቀል ጥሩት ብሎ አስምሎናል። አሁን ተቀቅሏል» አለችኝ።

ነጠላዬን ዘቅዝቄ ወጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ጫማዬን አየሁት። አንዱ ቆዳ፣ አንዱ ሸበጥ ነው። ሆን ብዬ እንዳይመስልሽ።

ገላን ደርሼ ድንኳኑ ውስጥ ገባሁ። የድሮ ጎረቤቶቻችን ግማሹ እዚያ ነበሩ፤ ተነሥተው ቦታ ሰጡኝ። የዕድሩ ዳኛ ሰመረ አቅፎኝ «ያን ጊዜም አልጋ ላይ ነበርክ፤ አሁንም አልሆነልህም። አይዞህ» አለኝ። «የቱን ጊዜ?» አልኩት። «አይናዲስን ስንቀብር ነዋ። እምሩ ከቀብሩ በፊት መጥቶ፣ ሉልሰገድ በጠና ታሟል፣ አትምጣ ያልኩት እኔ ነኝ፣ እንዳትቀጡት ብሎ አስጽፏል» አለኝ።

ዊንታ፣ ሚስቱን አልጋ ላይ አስተኝቶ ነው ይህን ያደረገው። እኔ ከስልኩ አጠገብ ገና ስስቅ።

ጸሎትን ወደ ጎን ወሰድኳት። ሁሉን ነገርኳት፤ ከተሸካሚው ጀምሮ። ሰማችኝ። አልሰደበችኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት። «ንፍሮው ሲቀቀል ጥሩት ሲል፣ እየሳቀ ነበር?»

አሰበች። ልጅቷ እንደ አባቷ ናት፤ የማታውቀውን አትናገርም። «አላየሁም ጋሼ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር» አለችኝ።

ንፍሮ በሳህን ሰጡኝ። ሽምብራና ስንዴ፤ በደንብ የበሰለ። ሰው ሁሉ ሲያየኝ በላሁ። ከቀረውም አንድ እፍኝ ኪሴ ውስጥ ጨመርኩ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ሰዓቱ ባለበት ኪስ ነው። ሰዓቱን ለጸሎት ሰጠኋት። ክዳኑን ከፍታ «ስድስት ናቸው» አለች። «አዎ፣ ስድስት ናቸው» አልኳት። መልሳ ሰጠችኝ፤ «ይጨርሱትና ያምጡት» ብላ።

ሬሳውን ሲሸከሙ ሰው በተራ በተራ ትከሻውን ይሰጣል፤ ጥቂት እርምጃ ሄዶ ለሌላው ያስረክባል። እዚያ ብገኝ ኖሮ ሰባት ያደርሰኝ ነበር ወይ እያልኩ ነው የሰነበትኩት። ጉልበቴ መጥፎ ቢሆንም ሰባት አላጣም ነበር።

ለወይዘሮ ካማላ ምስጋናዬን አቅርቢልኝ፤ ከእንግዲህ ቃል አያስፈልገኝም በያቸው። ያቺ ክፍል የምትጋራሽ ልጅ ጠዋት ሰላም ስትልሽ አፍሽ ቢተሳሰርም አብረሻት እስከ በሩ ሂጂ።

ይህን ኑሰይባ ነች የምትልክልሽ። ታንብበው ብዬ ነው ያመጣሁት። እዚህ ድረስ አንብባ ሻይ አዘዘችልኝ፤ ብርጭቆውንም ራሷ ያዘችልኝ። ጠዋት ጠዋት ሰዓቱን ከኪሴ አወጣለሁ። በክዳኑ መጋጠሚያ አንዲት የስንዴ ፍሬ ገብታ ደርቃለች። የመቅረጫ መርፌውን አነሣና፣ እጄ የረጋ ቀንም ቢሆን፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

አያትሽ ሉልሰገድ